የቀኝ እጅ ሰላምታ

ጡረታ የወጣሁት በራሴ ጥያቄ ነው። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ሰው ከአልጋ የሚያነሳ ሰው ደግሞ የራሱ ጉልበት ከከዳው ለሕመምተኛውም አደጋ ነው። ካርቱም በጦርነት ከተፈታች ወዲህ ወደ ገዳሪፍ ሸሽተው ከመጡት መካከል ሁለት ወጣቶች እኛ ሕክምና ቤት ተቀጥረዋል፤ ሁለቱም ፊዚዮቴራፒ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተማሩ ናቸው። እኔ ሠላሳ ዓመት በዳበሳ የደረስኩበትን እነሱ ገና ተማሪ ሳሉ ከመጽሐፍ አንብበውታል። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ሲሠሩ አየሁና ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኝ ነበር። ያገሬ ልጆች ወጌሻው ይሉኛል። ሱዳኖቹ ባሲር ይሉኛል፤ እሱም በነሱ አፍ ያው ወጌሻ ማለት ነው። እኔ ግን አጥንት ገጥሜ አላውቅም። ሱዳኖች ጀልጣ የሚሉት፣ እኛ አገር ስትሮክ የሚባለው ሕመም የመታውን ሰው፣ ግማሽ ጎኑ የከዳውን ሰው፣ ከተኛበት ማገላበጥ፣ ማስቀመጥ፣ ማቆም፣ ከተቻለም ማስኬድ ነው ሥራዬ። መርፌ አልወጋም፤ ኪኒን አልሰጥም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ከሐኪም አይቆጥረኝም ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን ሳምንት ሙሉ ካሠራሁት በኋላ ሕክምናው የሚጀመረው መቼ እንደሆነ በትሕትና ጠይቀውኛል።

ወደዚህ ሥራ የገባሁትም ፈልጌው አይደለም። ከመተማ ተሻግሬ ሱዳን ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያኔ የማውቀው ሰሊጥ ማረምና ማጨድ ብቻ ነበር። ሾዋክ ከስደተኞች ቢሮ በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ ከረምኩና ዐረብኛውን ከሻይ ሻጮችና ከፖሊሶች ለቃቀምኩት። ትግርኛውን ከመጠለያው ጎረቤቶቼ ተማርኩ። ሦስት ቋንቋ የሚችል ሥራ ፈት መኖሩ ሲሰማ የመጠለያው ክሊኒክ በአስተርጓሚነት ወሰደኝ። ደመወዙ ለሻይና ለሳሙና ይበቃ ነበር። የማስተረጉመው በሳምንት ሁለት ቀን ከገዳሪፍ እየመጡ ሕመምተኛ ለሚያሠሩ አንዲት ሱዳናዊት ባለሙያ ነው፤ ሲት ነፊሳ ይባላሉ፤ ሲት በዐረብኛ እመቤት እንደማለት ነው።

ሲት ነፊሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። የሱዳን መንግሥት ሠራተኛ ሴቶች የሚለብሱትን ነጭ ቶብ ተጠቅልለው ይመጡና ሥራ ሲጀምሩ ጫፉን ወገባቸው ላይ ይሸጉጡታል። ጥፍራቸው ሁልጊዜ የተከረከመ ነው። ከጨርቅ ቦርሳቸው ጠመኔ አውጥተው ሕመምተኛው እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ መሬቱ ላይ ይሥላሉ። የጠፍር አልጋው ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ያልሆነበት ጊዜም የለም፣ በአራቱም እግሩ ሥር ጡብ ያስገባሉ። ከዝቅታ መነሳት ለጤነኛም ከባድ ነው፤ ድሃ ቤት ውስጥ ግማሹ ሕክምና አልጋ ከፍ ማድረግ መሆኑን ከሳቸው ነው ያየሁት።

ማንንም ሰው ሕመሙን ከመጠየቃቸው በፊት ሥራውን ይጠይቃሉ። በዚህ እጅህ ምን ትሠራበት ነበር ይላሉ። ግንበኛ ከሆነ ጡብ፣ ልብስ ሰፊ ከሆነ ጨርቅ ያስይዙታል። የሚቀመጡትም ሁልጊዜ በታመመው ጎን ነው። ጠያቂ ሁሉ በደህናው በኩል ተሰብስቦ ሲያወራው ሰውየው የታመመ ጎኑን ከነመኖሩ ይረሳዋል፤ እሳቸው ግን በዚያ በኩል ተቀምጠው፣ ውሃም በዚያ በኩል አቅርበው፣ አንገቱን ወደዚያ እንዲያዞር ያስገድዱታል። ሰው ደግሞ አያነሱም። ሕመምተኛው ለመነሳት ሲጥር፣ ላቡ ሲወርድ፣ ቤተሰቡ ሊደግፈው ሲሮጥ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ቤተሰቡን ያግዳሉ። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። እሱ ያልሠራው ሥራ አይቆጠርለትም ይሉኛል፤ እኔም ይህንኑ ለቤተሰቡ አስተረጉማለሁ፣ ስድቡ የሚደርሰው ግን ለእኔ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ነበራቸው። ወንድ ሕመምተኛ አይጨብጡም። ሱዳን ውስጥ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ትከሻ መታ መታ ተደርጎ፣ እጅ ተይዞ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ እየተጠያየቁ እጁ ላይ ታች ሲወዘወዝ ቆይቶ ነው የሚያበቃው። ሲት ነፊሳ ሰላምታውን በአፋቸው ብቻ ይሰጣሉ። ከዚያ መዳፋቸውን በፎጣ ሸፍነው የታመመውን ክንድ ከክርኑ ሥር ይደግፉታል፤ ሌላውን እጃቸውን ከትከሻው ኋላ አድርገው ነው ክንዱን የሚያንቀሳቅሱት። ጣቱን ይዘው ሲስቡ አላየሁም። እኔም ፎጣው የባዕድ ወንድ ገላ ላለመንካት፣ አለመጨበጡም ለሃይማኖታቸው መሰለኝ። ሃይማኖተኛ ነበሩ፤ የሰላት ሰዓት አያሳልፉም። ሴቶችን የሚያሠሩት ከመጋረጃ ጀርባ ስለሆነ እኔ ከውጭ ቆሜ ነው የማስተረጉመው፤ ሴቶቹን እንዴት እንደሚይዟቸው አላየሁም። መጠየቅ ደግሞ ነውር ሆነብኝ። በሰው እምነት አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት።

ሁለት ዓመት ካስተረጎምኩ በኋላ ያዝ እዚህ ጋ እያሉ እጄን ወደ ሥራው አስገቡት። የመጀመሪያው ትምህርቴ ከወንበር መነሳት ነው። ጤነኛ ሰው እንዴት እንደሚነሳ አስቦ አያውቅም። እግር ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ አፍንጫ የእግር ጣትን እስኪያልፍ ወደ ፊት ይጎነበሳል፤ መቀመጫ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ጀልጣ የመታው ሰው ወደ ፊት መጎንበስ ይፈራል፤ ወደ ኋላ ተለጥጦ ልነሳ ይልና ይወድቃል። ይህን የተማርኩት በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ላይ ነው። ሰውየው ከወር በላይ ሲሳደብ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከፊቱ ያስቀመጥኩትን በርጩማ በአፍንጫው ሊነካ ሲያጎነብስ ሳያስበው ቆመ። ማርሽ ገባ አለና እዚያው ቆሞ አለቀሰ። እኔም ይህን ሥራ የወደድኩት ያን ዕለት ይመስለኛል።

ሲት ነፊሳ ፈርመው ገዳሪፍ የአንድ ዓመት ትምህርት አስወሰዱኝ፤ ረዳት የሚል ወረቀት ተሰጠኝና ዶካ ተመደብኩ። ዶካ የእርሻ ሠራተኛ ከተማ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ይሞላል፣ ከአጨዳ በኋላ ይራገፋል። እዚያ የማልረሳው አንድ የአርማጭሆ ሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ የቀን ሠራተኛ። ማሽላ እያጨደ ወድቆ አብረውት የነበሩት ክሊኒኩ በር ላይ አስቀምጠውት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዘመድ የለውም፤ ጠያቂ አልመጣበትም። ክንዱን ትራስ ላይ አድርጌ፣ በየጊዜው አገላብጬ፣ ማጭድ እያስያዝኩ አሠራሁት። በአራተኛው ወር ዳነ። ሲሰናበተኝ በዚያው በታመመ ቀኝ እጁ ጨበጠኝ፤ አጨባበጡ ያማል። ከዚያ ቀን ወዲህ እጅ ዳነ ማለት ለእኔ መጨባበጥ ሆነ። ይህን ሰው ያዳንኩት እኔ ነኝ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ሲት ነፊሳ ወደ ከሰላ ሲዛወሩ የገዳሪፉን ክፍል ለእኔ ተዉልኝ። ክፍሉ ሁለት አልጋና አንድ መስታወት ነበረው። ሕመምተኛ ይዞት የሚራመደውን ብረት ገበያ ሄጄ ከውሃ ቧንቧ አስበየድኩት። እግሩ ለሚጎተት ሰው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ጫማውን ወደ ላይ የሚይዝ ማሰሪያ እሠራለሁ። ኃላፊያችን ቅጽ የሚወድ ሰው ነበር፤ በየወሩ የምሞላው ቅጽ ዳነ እና አልዳነ የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉት። ግማሹ የዳነውን ሰው የት ልጻፈው ብዬ ስጠይቀው እንደ ልብህ አለኝ። ልቤ ለራሴ ስለሚያዳላ ዳነ በሚለው ሥር እጽፍ ነበር።

ሐጂ አወል የመጡት በዚህ መሐል ነው።

ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወጥተው ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ ሲነግዱ የሸበቱ። የእህል ገበያው ውስጥ የሚታወቁት በቀኝ እጃቸው ነው። ጆንያ ሲከፈት ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ይሰዱታል፤ ከሥሩ አንድ ጭብጥ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ያሹታል፤ ምን ያህል እርጥበት እንዳለው፣ አሮጌው ከአዲሱ መቀላቀሉን፣ ስንት አሸዋ እንዳለበት ይናገራሉ። ገዢም ሻጭም ቃላቸውን ይቀበላል። ሁለት ሰዎች በዋጋ ሲጣሉ ሐጂ እጃቸውን ይስደዱበት ይባላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጃቸው ጆንያው ውስጥ እንዳለ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

እኔ ያየኋቸው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀኝ ጎናቸው በሙሉ ደክሟል፤ ንግግራቸው ይንተባተባል እንጂ ይሰማል። እንደ ሲት ነፊሳ ልማድ በቀኛቸው በኩል ተቀመጥኩና ከሥራዬ ልጀምር ስል አስቆሙኝ።

"እግሬን ተወው" አሉኝ። "ባልሄድ የሚያደርሰኝ ረክሻ አለ። እጄን መልስልኝ። በእጄ ምትክ ምን አለኝ?"

ቀጥለው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላ ነገር ነገሩኝ። በእናቱ እጅ እንደሚጎርስ ሕፃን በሰው እጅ መብላት አይሆንላቸውም፤ በግራ እጅ መብላት ደግሞ ለሙስሊም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ገዳሪፍ ውስጥ ወንድ የሚበላው ብቻውን አይደለም፤ ትልቁ ትሪ ደጅ ይወጣል፣ ጎረቤትም መንገደኛም ይከበዋል፣ ቀኝ እጅ ሁሉ ወደ አንድ ሳህን ይገባል። በዚያ ትሪ ዙሪያ በግራው የሚዘረጋ ሰው አይታይም። እኔም ይመለሳል ሐጂ አልኳቸው። ሲት ነፊሳ ለማንም እንዲህ ብለው አያውቁም ነበር።

እግራቸው ቶሎ መጣ። በስድስት ሳምንት ከዘራ ይዘው ግቢውን ዞሩ። እጃቸውን የማሠራቸው በሰሊጥ ነው፤ ትሪ ላይ ሰሊጥ አፍስሼ መዳፋቸውን ውስጡ እቀብረዋለሁ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማዎታል ወይ እላቸዋለሁ። በአምስተኛው ሳምንት አውራ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። በሰባተኛው አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው መሐል ጥቂት ፍሬ ያዙና አንድ ሁለቱን ሳይጥሉ ወደ አፋቸው አቀረቡ። ባለቤታቸው ሐሊማ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩ ነበር፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ውስጥ ገቡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መሬት አልረገጥኩም።

ጠያቂው የበዛው ከዚህ በኋላ ነው። ሐጂ ቆሙ ሲባል ገበያው ሁሉ መጣ፤ ከገላባትም ከከሰላም ነጋዴ መጣ። ሐጂ ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የመጣው ሁሉ ከፋራ ይላል፣ ሕመሙ የኃጢአት ማስተሰረያ ይሁንልህ እንደማለት ነው። ጠያቂው የደከመውን ቀኝ እጅ ሲያይ ያመነታል፤ ግራውን መጨበጥ ነውር፣ ቀኙን ማንሳት ደግሞ ያስፈራዋል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙዎቹ ሐጂን ትከሻቸውን ነካ አድርገው ያልፉ ነበር። ሐጂም ይህ ይከፋቸዋል።

ያኔ ነው መላ ያገኘሁ የመሰለኝ። የዶካው ሰው ትዝ አለኝና ለቤተሰቡም ለጠያቂውም ተናገርኩ። ጨብጧቸው፣ በቀኛቸው ጨብጧቸው፣ እጁ ሰላምታውን ሲያስታውስ ይነቃል አልኩ። መድኃኒት ከባህሉ ውስጥ አገኘሁ ብዬ ኮራሁ። ሰውም ወደደው፤ ሕመምተኛ ዘንድ ባዶ እጁን የመጣ ሁሉ አሁን የሚሰጠው ነገር አገኘ። የከበደውን ክንድ ከጣቱ ይዘው ከጭናቸው ላይ ያነሱታል፤ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው መታ መታ እያደረጉ ላይ ታች ይወዘውዙታል፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ሰሊጡ ዋጋ ይጠይቃሉ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ወረፋ ይያዝ ነበር። ሐጂ ደስ ብሏቸዋል። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅ አድርጉ እላለሁ።

መጨበጡ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ትከሻዬን ያመኝ ጀመር አሉ። ሲነቃ ያማል አልኳቸው። በአምስተኛው ሳምንት ሌሊት እንቅልፍ አጡ፤ ክንዳቸውን ስነካው ፊታቸው ይለወጣል። እሳቸው ግን ታጋሽ ሰው ናቸው፤ ጠያቂ ሲመጣ እጃቸውን ራሳቸው በግራቸው አንስተው ያቀርቡታል። ከዚያ ጣቶቻቸው ያብጡ፣ ቆዳቸው ያብለጨልጭ ጀመር። ሰሊጡን አልያዝ አሉ። መዳፋቸው ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ በየቀኑ እያየሁ ምክንያቱ አልገባኝም። ግራ ሲገባኝ ወደ ከሰላ ደወልኩ።

ሲት ነፊሳ በማግስቱ በአውቶቡስ መጡ። እርጅና ጎበጥ አድርጓቸዋል። በሐጂ ቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ሰላምታቸውን በአፋቸው ሰጡ፤ ፎጣውን አወጡ። ሁለት ጣታቸውን ትከሻው ጫፍ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። ከአጥንቱ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ እኔ ከዚያ በፊት አልነካሁትም። ጡንቻው የማይሠራ ትከሻ ማጠፊያው እንደላላ በር ነው፤ የሚይዘው ጅማት ብቻ ነው፣ ከጣት ተይዞ በተሳበ ቁጥር ጅማቱ ይለጠጣል። ሲት ነፊሳ ተነሱና ወደ መንገዱ ይዘውኝ ወጡ።

ስንት ሰው ይጠይቀዋል አሉኝ። ብዙ ነው አልኩ። ይጨብጡታል ወይ አሉ። እኔ ነኝ ጨብጡ ያልኳቸው አልኩ።

"አምስት ዓመት አጠገቤ ነበርህ" አሉ። "ስጨብጥ አይተኸኛል?"

"ለሃይማኖትዎ መስሎኝ ነበር" አልኳቸው።

"ሴቶቹንም አልጨብጥም ነበር" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ለምን አልጠየቅከኝም?"

እሳቸው በሰው ፊት የመናገር ልማድ ስለሌላቸው፣ ጥበባቸውን አንድ በአንድ አስረድተውኝ አያውቁም፤ ሳይ እንድማር ነበር የሚፈልጉት። እኔም አይቻለሁ። የታየኝ ግን የሴት ጨዋነት እንጂ ሙያ አልነበረም። የዶካው ሰው እጅ የዳነው በእኔ ብልሃት ሳይሆን ጠያቂ መጥቶ ክንዱን ስላልወዘወዘው መሆኑም ያን ቀን ነው የገባኝ። ሲት ነፊሳ ወደ አውቶቡሱ ስሸኛቸው ለሰውየው ንገረው አሉኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ።

አልነገርኳቸውም። ክንዳቸውን በጨርቅ ወደ ደረታቸው አሰርኩት፤ ትከሻው ትንሽ ማረፍ አለበት፣ ጠያቂው በአፉ ብቻ ሰላም ይበል አልኩ። ለምን ሲሉኝ የሕመሙ ጠባይ ነው አልኳቸው። ሥቃዩ በዓመቱ ቀለል አለ። እጃቸው ግን እንደተጨበጠ ቀረ። በግራቸው ሰሊጥ ሞክረው ነበር፤ ግራዬ አያውቅም ብለው ተዉት። ገበያ መውጣትም አቆሙ። ሸኹ መጥተው ለበሽተኛ ሃይማኖቱ ይፈቅዳል፣ በግራህ ብላ ቢሏቸውም የትሪው ክብ ውስጥ አልተመለሱም። ትሪው ደጅ ሲወጣ ለእሳቸው ትንሽ ሳህን ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል፤ በሩ ይዘጋል። ሐሊማ እንኳ ሲበሉ አያዩአቸውም። ይህ ሰባት ዓመት ቆየ።

በእነዚያ ዓመታት ጥሩ ሠራተኛ ሆንኩ ብል ውሸት አይሆንም። ወደ ክፍላችን የመጣ ቤተሰብ ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርቱ ክንድ እንዴት እንደሚያዝ ነበር። ግድግዳው ላይ በዐረብኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ አስጽፌ ሰቀልኩት። የሚመጡትን ተለማማጆች ሁሉ የሐጂን ታሪክ ስማቸውን ሳልጠራ እነግራቸዋለሁ፤ ያጠፋሁት እኔ መሆኔንም አልደብቅም። በየጊዜው ሐጂ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ክንዳቸውን አፍታታለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ስለ አገር ቤት እናወራለሁ። ሲሸኙኝ ሁልጊዜ አላህ ይስጥልኝ ይሉኛል። እኔም አሜን እያልኩ እወጣለሁ።

ቁልፉን ሳስረክብ ከካርቱም ከመጡት ወጣቶች አንዷ ያንን የግድግዳ ጽሑፍ አንብባ፣ ታሪኩን ነግሬያት ነበርና፣ ሰውየው አሁን እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት። ምን አለ ስትነግረው አለችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ነግሬው ይሆናል ብላ ነው የጠየቀችው። ለማላውቀው ተለማማጅ ሁሉ ስናዘዝ ኖሬ ለጉዳዩ ባለቤት አለመናገሬ ያን ጊዜ በጣም አሳፈረኝ። በሁለተኛው ቀን ረቡዕ ቀትር ላይ ሐጂ ቤት ሄድኩ።

ሐጂ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጨብጦ፣ ግራቸው እላዩ ላይ። ጡረታ መውጣቴን ነገርኳቸው፤ መረቁኝ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ከመጀመሪያው ቃል ጠፋኝ።

"ሐጂ፣ እጅዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሰላምታውን፣ ጨብጡ ማለቴን፣ ሲነቃ ያማል ማለቴን፣ ሲት ነፊሳ መንገዱ ላይ ያሉኝን፣ የሕመሙ ጠባይ ነው ብዬ መዋሸቴን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ለምን ዛሬ እንደነገርኳቸው ጠየቁኝ። ሥራ ስለተውኩ ነው አልኩ።

"እንግዲያ ለራስህ ነው የመጣኸው" አሉ።

"ለራሴም ነው" አልኳቸው።

"ሰባት ዓመት ከአላህ ነው ብዬ ታገስሁ" አሉ። "ሰው ሲጠይቀኝ አልሐምዱሊላህ አልሁ። ወላሂ አንድ ቀን አላጉረመረምሁም። አሁን ከአንተ ነው አልከኝ። ከአላህ የመጣውን እችለዋለሁ። ከአንተ የመጣውን ምን ላርገው?"

ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የሄድኩት። ያን ጊዜ ይቅር በሉኝ ማለት በሳቸው ላይ ሌላ ሥራ መጨመር ሆኖ ታየኝ፤ ተውኩት። ልነሳ ስል ሐሊማ ምሳ ይዘው መጡ። ረቡዕ ለእኔ ጾም መሆኑን አስበው ፉሉን አይብ ሳይነሰንሱበት በሰሊጥ ዘይት ብቻ ሠርተውታል። እንደ ወትሮው ትሪውን ከፊቴ አኖሩና የሐጂን ትንሽ ሳህን ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል አመሩ።

"እዚህ አምጭው" አሉ ሐጂ።

ሐሊማ ቆመው ተመለከቷቸው። ሐጂ ደገሙላቸው። ሐሊማ ሳህኑን ትሪው ላይ አኖሩና ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሐጂ ቢስሚላህ ብለው የተጨበጠውን እጃቸውን በግራቸው አንስተው ዳቦው ላይ ጫኑት። በእጅ አንጓቸው ዳቦውን ከትሪው ጋር አጣብቀው ያዙና በግራቸው ቆረሱ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ዘግተው በተቀመጡበት ክፍል ራሳቸው ያገኙት ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ከፊሉ ጢማቸው ላይ ፈሰሰ። እኔ በጨዋ ደንብ ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ።

"አንተ ነህ ያመጣኸው" አሉኝ። "እየው።"

ቀና አልኩ። ዳቦው ሁለት ጊዜ አመለጣቸው፤ ሁለት ጊዜም ራሳቸው አነሱት። በልተው እስኪጨርሱ ድረስ ዓይኔን ከሳቸው አላነሳሁም።